የተማሪው የሒሳብ መኪና ዋጋው ስለ ምን አይወርድም?

በአሜሪካ አገር የበጋው ዕረፍት አልቆ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ለተማሪው ወላጅ አንድ ዝርዝር ይደርሰዋል። በዝርዝሩም ላይ ደብተር፣ እርሳስ፣ ማስመሪያ፣ ማቅለሚያና የወረቀት ማኅደር ተጽፎ ይገኛል፤ የእነዚህም ዋጋ ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ቤተሰብን እስከ ማስጨነቅ አይደርስም። ልጁ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ከፍ ሲል ግን በዝርዝሩ ግርጌ አንዲት መስመር ትጨመራለች። እርስዋም ልጆቹ ግራፊንግ ካልኩሌተር የሚሉትን፣ እኛ በዚህ ጽሑፍ ግራፍ የሚሥል የሒሳብ መኪና የምንለውን መሣሪያ የምታዝዝ ናት። አዲሱ መኪና በመደብር ከ100 እስከ 150 ዶላር ድረስ ይሸጣልና፣ የዚህች የአንዲት መስመር ዋጋ ከሌላው ዝርዝር ሁሉ ድምር የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ባሉት በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከተሞች፣ እንዲሁም በሚኒሶታ፣ በሲያትል፣ በአትላንታና በዳላስ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ይህችን መስመር በሚገባ ያውቋታል። ሌሊቱን በሆስፒታል ወይም በመኪና ማቆሚያ ሲሠራ የሚያድር አባት፣ ሁለት ልጆች በአንድ ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ የገቡላት እናት፣ ይህ ገንዘብ ከየትኛው ወጪ ላይ ተቀንሶ እንደሚመጣ ማሰብ ይኖርባቸዋል። የትምህርት ነገር ነውና ብዙዎቹ ምንም ሳይጠይቁ ይከፍላሉ፤ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል እንዲሉ፣ ያልጠየቀ ገዢም ለሻጩ የሚመች ገዢ ነው። እኛ ግን ጠይቀን መረዳት ይገባናል እንላለን። ቴሌቪዥኑ፣ የእጅ ስልኩና ኮምፒውተሩ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ወይ ዋጋቸው ወርዷል፣ ወይም በዚያው ዋጋ ችሎታቸው ብዙ እጥፍ ሆኗል። ይህ መኪና ብቻ ከሕጉ ወጥቶ ስለ ምን በቦታው ቆመ? ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ያስታውሱልን።

መኪናው ምን እንደሚሠራ ለማያውቅ ሰው በአጭሩ እንግለጽ። አንድን ቁጥር በራሱ እናብዛው፤ 1 ሲሆን 1፣ 2 ሲሆን 4፣ 3 ሲሆን 9፣ 4 ሲሆን 16 ይሆናል። ከዜሮ በታች ያሉትንም ቁጥሮች ጨምረን እነዚህን ጥንድ ጥንድ ቁጥሮች በካሬ ወረቀት ላይ በነጥብ ብናመለክት፣ ነጥቦቹንም በመስመር ብናያይዛቸው፣ አፉን ወደ ላይ የከፈተ ጎድጓዳ መስመር እናገኛለን። ይህ መስመር ተገልብጦ ሲታይ የተወረወረ ድንጋይ በአየር ላይ የሚሄድበትን መንገድ ይመስላል። በኢትዮጵያ የተማርን ሰዎች ይህን ሁሉ በእርሳስና በማስመሪያ ሠርተነዋል፤ የሎጋሪዝሙንና የትሪጎኖሜትሪውንም ቁጥር ከመጽሐፉ መጨረሻ ከታተመው ሰንጠረዥ ፈልገን እናወጣ ነበር። አንዱን መስመር በሚገባ ለመሣል ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። መኪናው ግን የቁጥሩን ሕግ ከነገሩት በኋላ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ መስመሩን ሥሎ ያሳያል፤ ሁለት መስመሮች የሚገናኙበትን ስፍራ ያመለክታል፤ ሕጉ ጥቂት ቢለወጥ መስመሩ እንዴት እንደሚለወጥ ወዲያውኑ ያስረዳል። ይህ ለአስተማሪም ለተማሪም ታላቅ እርዳታ መሆኑን በክፍል ውስጥ የቆመ ሰው አይክደውም። እንግዲህ ጥያቄያችን መኪናው ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚል አይደለም።

ጥያቄው ስለ ዋጋው ነው። በአሜሪካ ክፍሎች ውስጥ እጅግ የታወቀው ቲ.አይ. 84 ፕላስ የሚባለው መኪና ነው፤ የወጣውም በ2004 ነው። ገበታው በወርድ 96፣ በቁመት 64፣ በጠቅላላው 6,144 ነጥቦች ብቻ ያሉት ጥቁርና ነጭ ነው። ስሌቱን የሚያከናውንለት ቺፕ ዜድ 80 ከሚባለው ዘር ሲሆን፣ ይህ ዘር መጀመሪያ ለገበያ የቀረበው በ1976 ነበር። ተማሪው ለሥራው የሚጠቀምበት የማስታወሻ ስፍራ 24 ኪሎባይት ያህል ነው፤ በዛሬ የእጅ ስልክ የሚነሣ አንድ ፎቶግራፍ ግን ብዙውን ጊዜ ከ2,000 ኪሎባይት ይበልጣል። ስለዚህ ልጁ በኪሱ የያዘው ስልክ ያነሣው አንድ ሥዕል እንኳ በዚህ መኪና ማስታወሻ ውስጥ አይገባም ማለት ነው። በ2015 የወጣው ቲ.አይ. 84 ፕላስ ሲ.ኢ. ቀለም ያለው ገበታና በኤሌክትሪክ የሚሞላ ባትሪ አለው፤ ፍጥነቱም ከታላቁ ይበልጣል። ሆኖም እርሱም ቢሆን በውስጡ የያዘው ቺፕ የዚያው የድሮው ዘር ተወላጅ ነው።

የሒሳብ መኪና ዋጋ ከጥንት ጀምሮ የማይበገር ነበር እንዳይባል የቀድሞው ታሪክ ተቃራኒውን ያስረዳል። በ1972 ሂውሌት ፓካርድ የተባለው ኩባንያ ኤች.ፒ. 35 የሚባለውን፣ ሎጋሪዝምና ትሪጎኖሜትሪ የሚያሰላ የመጀመሪያውን የኪስ መኪና ባወጣ ጊዜ ዋጋው 395 ዶላር ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1976፣ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የተባለው ኩባንያ ቲ.አይ. 30ን በ24 ዶላር ከ95 ሳንቲም ለገበያ አቀረበ። በአራት ዓመት ውስጥ ዋጋው ወደ ዐሥራ ስድስት እጅ አነሰ ማለት ነው። ይህም የሆነበት ምክንያት ብዙ ኩባንያዎች በአንድ ገበያ ላይ ስለ ተሻሙ ነው፤ መሐንዲሱም፣ ነጋዴውም፣ ተማሪውም በገዛ ገንዘቡ የወደደውን መርጦ ይገዛ ነበርና፣ ከሁሉ ርካሽ የሸጠው ገበያውን ይወስድ ነበር።

ግራፍ የሚሥለውን መኪና በመጀመሪያ ያወጣው የጃፓኑ ካሲዮ ነው፤ ይኸውም በ1985 ነው። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ዘግይቶ በ1990 ቲ.አይ. 81 የሚባለውን ከ100 ዶላር በጥቂቱ ከፍ ባለ ዋጋ አቀረበ። ከዚያም ቲ.አይ. 82 በ1993፣ ቲ.አይ. 83 በ1996፣ ቲ.አይ. 83 ፕላስ በ1999 ተከታትለው ወጡ፤ ዋጋቸው ግን ከዚያው ከመቶ ዶላር አካባቢ ብዙም አልራቀም።

በዚህ ላይ ለኩባንያው የሚገባውን ፍርድ መስጠት ያስፈልጋል። የ1990 አንድ መቶ ዶላር በዛሬው ገንዘብ ቢተመን ከ200 ዶላር ይበልጣል፤ ስለዚህ ዋጋው በቁጥር ባይወርድም በእውነተኛ መለኪያው ወርዷል ብሎ የሚከራከር ሰው ሐሰት አልተናገረም። ነገር ግን ክርክሩ ሩቅ አያስኬድም። ከእርሱ ጋር የተወለዱት የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ሁሉ ገንዘቡ ረክሶም እንኳ በቁጥር ጭምር ረክሰዋል፤ ተራው ሳይንሳዊ ካልኩሌተር ዛሬ ከ20 ዶላር ባነሰ ይገኛል።

ነገሩን የሚፈታው አንዱ ቁልፍ፣ የሚመርጠውና የሚከፍለው ሰው ልዩ ልዩ መሆናቸው ነው። ገበያ ላይ ሄዶ ጤፍ የሚገዛ ሰው ራሱ ዐይቶ፣ ራሱ ዘግኖ፣ ራሱ ተከራክሮ ይከፍላል፤ ቢወደድበት ወደ ሌላው ነጋዴ ይሻገራል። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት የሚገዛ በሽተኛ ግን እንዲህ ለማድረግ አይችልም፤ መድኃኒቱን የመረጠው ሐኪሙ ነው፣ ሐኪሙ ደግሞ አይከፍልም። የሒሳቡም መኪና እንደዚሁ ነው። መምህሩ ወይም የትምህርት ክፍሉ ያዝዛል፣ ወላጁ ይከፍላል። መምህሩ መኪናውን ሲመርጥ ለክፍሉ የሚመቸውን፣ እርሱ ራሱ የሚያውቀውን፣ በፈተና የተፈቀደውን ያስባል፤ ዋጋው ግን ከእርሱ ኪስ ስለማይወጣ በሐሳቡ ውስጥ የሚይዘው ስፍራ ትንሽ ነው። ወላጁ ደግሞ ዋጋው ቢከብደውም ሌላ ለመምረጥ ዕውቀቱ የለውም፤ በተለይም የእንግሊዝኛው ቋንቋ ያልለመደለት ወላጅ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዶ «ይህ ግዴታ ነውን?» ብሎ ለመጠየቅ ያፍራል። በዚህ ዐይነት ገበያ ሻጩ ዋጋ በመቀነስ የሚያተርፈው ነገር የለም። ዋጋውን ቢቀንስ የሚገዙት ያው የታዘዙት ተማሪዎች ናቸው፤ ቢጨምርም ያው።

ሁለተኛው ቁልፍ ፈተናው ነው። በአሜሪካ ወደ ኮሌጅ የሚገቡ ተማሪዎች የሚፈተኑበትን ኤስ.ኤ.ቲ. የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ቦርድ የተባለው ድርጅት በ1994 ተማሪዎች ካልኩሌተር ይዘው እንዲገቡ ፈቀደ። በ1995 ደግሞ ከፍተኛውን የካልኩለስ ትምህርት ለሚወስዱ ተማሪዎች በሚሰጠው በኤ.ፒ. ካልኩለስ ፈተና፣ ግራፍ የሚሥል መኪና መያዝን ግዴታ አደረገ። የሚፈቀዱትም መኪናዎች በስም ተዘርዝረው ይታወቃሉ። በዚህ ጊዜ የኮሌጅ ክፍያ የሚያቃልል፣ የልጅን ዕድል የሚያሰፋ ፈተና ከአንድ ሸቀጥ ጋር ተጋባ ማለት ነው። የሚያስደንቀው ነገር ግን ይህ ነው፤ በኤ.ፒ. ካልኩለስ ከ45ቱ የምርጫ ጥያቄዎች መኪናው የሚፈቀደው በ15ቱ ብቻ ነው፤ በጽሑፍ ከሚሠሩት 6 ጥያቄዎችም በሁለቱ ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ በእርሳስና በአእምሮ የሚሠራ ነው።

ፈተናው የመኪናውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የመኪናውንም ጠባይ ወስኗል። በ1995 ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቲ.አይ. 92 የሚባል፣ እንደ ጽሕፈት መኪና ሙሉ የፊደል ገበታ ያለው፣ አልጀብራውን ራሱ የሚፈታ ኀይለኛ መኪና አወጣ። ነገር ግን ሙሉ የፊደል ገበታ ያለው መኪና በታላላቆቹ ፈተናዎች የተከለከለ ሆኖ ተገኘ፤ ጥያቄውን ገልብጦ ይዞ ለመውጣት ይመቻልና። በ1998 ኩባንያው ያንኑ ችሎታ የፊደል ገበታውን አውጥቶ ቲ.አይ. 89 በሚባል መኪና አቀረበው፤ በዚህም መልክ ወደ ፈተናው ገባ። ከዚህ የምንረዳው፣ በዚህ ገበያ የላቀ መኪና መሥራት ብቻውን ዋጋ እንደሌለው ነው። ዋጋ ያለው የተፈቀደ መሆን ነው።

የእጅ ስልክ የዚህን መኪና ሥራ መቶ ጊዜ አሻሽሎ መሥራት ሲችል ስለ ምን አይተካውም የሚል አንባቢ መልሱን እዚህ ላይ ያገኛል። ስልክ ከወዳጅ ጋር ያነጋግራል፣ ፎቶግራፍ ያነሣል፣ መልሱን ከውጭ ያስመጣል፤ ስለዚህ በፈተና አዳራሽ አይገባም። መኪናው የሚፈለገው ደካማ ስለሆነ ነው ብንል ማጋነን አይደለም። ድካሙ ሸቀጡ ነው፤ የሚሸጠውም እርሱው ነው። ኩባንያውም ይህን ድካም አጥብቆ ይጠብቀዋል። በ2009 በመኪናው ላይ የራሳቸውን ፕሮግራም ለማስኬድ የፈለጉ ወጣቶች የቲ.አይ. 83 ፕላስን ምሥጢራዊ ቁልፍ ቁጥር በኮምፒውተር ስሌት ፈትተው ባወጡ ጊዜ፣ ኩባንያው ቁጥሩ ከታየበት እንዲነሣ የሕግ ማስጠንቀቂያ ላከ፤ ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተባለው ማኅበርም ለወጣቶቹ ጠበቃ ሆኖ ተከራከረ። በ2020 ደግሞ በአዲሱ መኪና ላይ ጥልቅ ፕሮግራም መጻፍ የሚቻልበትን መንገድ ዘጋው፤ ምክንያቱም የፈተናውን ጥንቃቄ ለመጠበቅ ነው ተባለ።

ሦስተኛውና ሰዎች ብዙ ጊዜ የማያስተውሉት ቁልፍ መምህሩ ነው። በዚህ ላይ ጥቂት ብንቆይ የሙያ ባልደረቦቻችን አይቀየሙን። በ1980ዎቹ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የነበሩ በርት ዌይትስና ፍራንክሊን ዴማና የተባሉ ሁለት የሒሳብ ምሁራን ተማሪ መስመሩን በዐይኑ እያየ ቢማር ሒሳብ ይገባዋል ብለው ያምኑ ነበር፤ እምነታቸውም መልካም ነበር። መምህራንን በክረምት እየሰበሰቡ በመኪናው እንዴት እንደሚያስተምሩ ማሠልጠን ጀመሩ፤ ይህም ሥራ «መምህራን በቴክኖሎጂ ሲያስተምሩ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ይዞ በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ድጋፍ በመላው አሜሪካና ከዚያም ውጭ ተስፋፋ። ኩባንያው ለመምህራን ሥልጠና ሰጠ፣ የማስተማሪያ ጽሑፍ አዘጋጀ፣ የመኪናው ገበታ በግድግዳ ላይ ጎልቶ የሚታይበትን መሣሪያ አቀረበ፤ የስልክ እርዳታም ሰጠ። ትምህርት ቤቶችም ከመኪናው ማሸጊያ ላይ ነጥብ እየቆረጡ በማጠራቀም ያለ ክፍያ ዕቃ የሚያገኙበት ደንብ ነበር። ካሲዮና ሂውሌት ፓካርድ ጥሩ መኪና ይሠሩ ነበር፤ ነገር ግን እንዲህ አድርገው በክፍሉ ውስጥ አልተቀመጡም።

መጻሕፍቱም ተከተሉ። በአሜሪካ የሒሳብ መጻሕፍት ውስጥ የቲ.አይ. መኪና ገበታ ሥዕልና «ይህን ቁልፍ ተጫን፣ ቀጥለህም ይህን» የሚል ትእዛዝ በየምዕራፉ ታተመ። እንግዲህ አንድ ሠላሳ ልጆች ያሉበትን ክፍል በሐሳባችን እንመልከት። ሃያ ዘጠኙ አንድ ዐይነት መኪና ይዘዋል፤ አንዱ ልጅ አባቱ ዋጋው ቢሻለው ብሎ የሌላ ኩባንያ መኪና ገዝቶለታል። መምህሩ «ሁለተኛውን ቁልፍ ተጫኑ» ባለ ጊዜ ልጁ ቁልፉን በመኪናው ላይ ያጣዋል። እጁን ያወጣል፤ መምህሩ ይመጣል፤ መኪናውን አገላብጦ ያያል፤ አያውቀውም። ክፍለ ጊዜው ዐርባ አምስት ደቂቃ ነው፤ ሃያ ዘጠኙ ይጠብቃሉ። ይህ ሁለት ጊዜ ከተደገመ ልጁ ሦስተኛ እጁን አያወጣም። በሚቀጥለው ዓመት መምህሩ በዝርዝሩ ላይ «ይህ መኪና ይሻላል» ብሎ ይጽፋል፤ ከዚያም በኋላ «ይሻላል» የሚለው ቃል በወላጆች ጆሮ «ግዴታ ነው» ሆኖ ይሰማል። ይህን መምህር ክፉ ነው ልንለው አንችልም፤ በእርሱ ቦታ የቆመ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። ነገር ግን አንድ ነጋዴ ብቻውን የሚነግሥበት ገበያ የሚሠራው በክፉ ሰው እጅ ብቻ አይደለም፤ ለክፍላቸው የሚያስቡ ብዙ ደጋግ ሰዎችም ሳያውቁት ይሠሩታል።

ውጤቱን ዋሽንግተን ፖስት የተባለው ጋዜጣ በ2014 በቁጥር አሳይቶት ነበር። ጋዜጣው በጠቀሰው የገበያ ጥናት መሠረት ከ2013 ሐምሌ እስከ 2014 ሰኔ ድረስ በአሜሪካ ከተሸጡት ግራፍ የሚሥሉ መኪናዎች 93 በመቶው የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ፣ 7 በመቶው የካሲዮ ነበሩ። ያው ጋዜጣ ባቀረበው ግምት አንዱን መኪና ለመሥራት የሚወጣው ከ15 እስከ 20 ዶላር ነው። ይህ ግምት ነው፤ የኩባንያው መዝገብ አይደለም። በዚያም ላይ የመሥሪያው ወጪ የመምህራኑን ሥልጠና፣ የማስተማሪያውን ጽሑፍና የመደብሩን ድርሻ አይጨምርም፤ ስለዚህ ቀሪው ሁሉ ትርፍ ነው ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ ልዩነቱ ሰፊ መሆኑ ግልጽ ነው፤ የመምህራኑም ሥልጠና ነጻ ነው ሲባል ወጪው በመጨረሻ በተማሪው መኪና ዋጋ ውስጥ ተጠቅልሎ እንደሚከፈል መርሳት አይገባም። መዘንጋት የሌለበት ሌላም ነገር አለ፤ ኩባንያው ዋና ኑሮው በዚህ መኪና ላይ አይደለም። ዋና ንግዱ ለመኪና፣ ለፋብሪካና ለልዩ ልዩ ዕቃ የሚያገለግሉ ቺፖችን መሥራት ነው፤ በ1958 የመጀመሪያዎቹን የተቀናጁ ቺፖች ከሠሩት ሰዎች አንዱ የሆነውና በ2000 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ጃክ ኪልቢ የዚሁ ቤት ሠራተኛ ነበር። እንዲህ ያለ ቤት ገበያውን ላለማጣት በዋጋ መሻማት እስካላስፈለገው ድረስ አይሻማም።

ለመኪናው ሊነገርለት የሚገባ አንድ እውነተኛ ምስጋና አለ። ጠንካራ ነው። ከጠረጴዛ ላይ ይወድቃል፣ በቦርሳ ውስጥ ይወረወራል፣ ዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመት ያገለግላል። ታላቅ ወንድም የተማረበት መኪና ለታናሽ እኅቱ፣ ከዚያም ለአጎታቸው ልጅ ይተላለፋል። ሞዴሉም ቶሎ ስለማይለወጥ፣ ወላጆች የሚያማርሩበት ይኸው አለመለወጡ አሮጌውን መኪና ዋጋ እንዳያጣ ጠብቆታል።

በቅርብ ዓመታት ግን የገበያው መሠረት ተነቃንቋል። በ2011 ኤሊ ሉበሮፍ የተባለ ወጣት የመሠረተው ዴስሞስ የተባለ ድርጅት ግራፍ የሚሥል ካልኩሌተር በኢንተርኔት ያለ ዋጋ ለሰው ሁሉ አቀረበ። ገበታው ሰፊ፣ ቀለሙ የጠራ፣ አሠራሩም ቀላል ነው፤ ያየው ተማሪ መቶ ዶላር የተከፈለበትን መኪና ወደ ቦርሳው ይመልሳል። በ2017 ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች በጋራ የሚጠቀሙበት ስማርተር ባላንስድ የተባለው ፈተና ዴስሞስን በውስጡ አስገባ። ኤስ.ኤ.ቲ. ራሱ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር በተዛወረ ጊዜ፣ ማለትም ከአሜሪካ ውጭ በ2023፣ በአሜሪካ ደግሞ በ2024፣ ዴስሞስ በፈተናው ገበታ ላይ ተቀምጦ ለሁሉም ተፈታኝ ቀረበ። በ2025ም በኮምፒውተር በተሰጡት የኤ.ፒ. ፈተናዎች እንዲሁ ሆነ። በፈረንሳይ አገር ደግሞ ኑምዎርክስ የተባለ አዲስ ድርጅት በ2017 በ80 ዩሮ ገደማ የሚሸጥ መኪና አውጥቶ ወደ ክፍሎች ገባ፤ ኋላም በአሜሪካው ፈተና ከሚፈቀዱት ጋር ተቈጠረ።

እንግዲህ ፈተናው ከሸቀጡ ጋር የተጋባበት ማሰሪያ ከላላ የመኪናው ዋጋ ወዲያው መውደቅ ነበረበት። አልወደቀም። ልማድ ከደንብ ይልቅ ቀስ ብሎ ይሞታልና ነው። ፈተናው መኪናውን ባይጠይቅም የክፍሉ መምህር ይጠይቃል፤ ኮምፒውተር በክፍል ውስጥ ሲከፈት ልጁ ሒሳቡን ትቶ ጨዋታ ያያል የሚል ሥጋት አለው፤ ሥጋቱም ያለ ምክንያት አይደለም። የመጽሐፉ ትእዛዝም ገና ያው ነው። ኢንተርናሽናል ባካሎሬት የሚባለውን ትምህርት የሚከታተሉ ተማሪዎችም ለሒሳብ ፈተናቸው በእጅ የሚያዝ መኪና ያስፈልጋቸዋል።

ለወላጆች የሚጠቅመው ነገር ከዚህ ይነሣል። መጀመሪያ መምህሩን መጠየቅ ነው። ጥያቄውም አጭር ይሁን፤ መኪናው የሚያስፈልገው ለክፍል ነው ወይስ ለፈተና? ዴስሞስ በቂ አይሆንምን? ትምህርት ቤቱ የሚያውሰው መኪና አለውን? የሦስተኛው ጥያቄ መልስ ብዙ ጊዜ «አዎን» ነው፤ በብዙ ትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለዓመቱ በውሰት የሚሰጡ መኪናዎች አሉ፣ ግን ጥቂት ስለሆኑ ቀድሞ ለጠየቀ ይሰጣሉ። በኒው ዮርክ ግዛት ሪጀንትስ የሚባሉት የሒሳብ ፈተናዎች በሚሰጡበት ሰዓት ለእያንዳንዱ ተማሪ ግራፍ የሚሥል መኪና ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው። ይህን የማያውቅ ወላጅ ለፈተናው ቀን ብሎ መግዛት የለበትም። ጥያቄውን ልጁ ብቻ እንዲያስተረጉም ባይተው ይመረጣል፤ ልጅ የወላጁን ችግር በባልንጀሮቹ ፊት መናገር ያፍራልና፣ «ግዴታ ነው ተባልኩ» ብሎ ይመለሳል። ወይም ይባስ ብሎ ለወላጁ ምንም ሳይናገር ዓመቱን ከጎረቤት ልጅ እየተዋሰ ይገፋል፤ የፈተናው ቀን ግን የተዋሰበት ልጅ ራሱ ይፈልገዋል።

መግዛት ግድ ከሆነ ያገለገለ መኪና ከአዲሱ በግማሽ ዋጋና ከዚያም ባነሰ ይገኛል፤ የሚሠራውም ሥራ ያው ነው። የካሲዮ ኤፍ.ኤክስ. 9750 የሚባለው መኪና አዲሱ እንኳ ወደ 50 ዶላር ገደማ የሚሸጥ ሲሆን በኤስ.ኤ.ቲ.ና በኤ.ፒ. ፈተና የተፈቀደ ነው፤ ነገር ግን ከላይ ያልነውን የሠላሳ ልጆች ክፍል አስቦ መምህሩን አስቀድሞ ማማከር ይበጃል፤ ልጁም የመኪናውን መመሪያ ራሱ ለማንበብ የሚታክት እንዳይሆን። በየአጥቢያችን ኮሌጅ የገቡ ልጆች በመሳቢያ የተዉአቸው መኪናዎች አይጠፉም፤ የሰንበት ትምህርት ቤቱ አንድ ሣጥን አኑሮ ቢሰበስባቸውና በመዝገብ እያዋሰ ቢመልሳቸው ለብዙ ቤት የመቶ ዶላር እረፍት ይሆናል።

ያገለገለውን የሚገዛ ሰው የባትሪውን ቤት ከፍቶ ዝገት አለመኖሩን ይመልከት፤ አሮጌ ባትሪ አፍስሶበት የከረመ መኪና ቶሎ ይከዳል። ቀጥሎ መኪናውን አብርቶ በገበታው ላይ የሞተ መስመር መኖር አለመኖሩን፣ ቁልፎቹም አንድ በአንድ ሲጫኑ መታዘዛቸውን ይፈትን። ባትሪው የሚሞላው ዐይነት ከሆነ ገመዱ አብሮ መኖሩን፣ ባትሪውም መያዙን ይጠይቅ። አዲስ የገዛ ደግሞ ደረሰኙን አይጣል፤ ማሸጊያውንም ቶሎ አይቅደድ፤ ክፍሉ በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት መምህሩ ሌላ ዐይነት ቢያዝ ወይም የውሰት መኪና ቢገኝ፣ መደብሩ መልሶ የሚቀበለው ይህ ሲሟላለት ነውና።